ማግኒዚየም ሲነድ ውሃ ለምን ያባብሰዋል?

እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1955 በፈረንሳይዋ ለ ማን ከተማ የ24 ሰዓቱ የመኪና ውድድር እየተካሄደ ነበር። የፒየር ለቬግ መርሴዲስ ከፊቷ ከነበረች መኪና ጋር ተጋጭታ ተመልካቹ ወደቆመበት ወገን ተወረወረች። ከ80 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኞቹን የገደላቸው ወደ ሕዝቡ የተፈናጠረው የሞተርና የአካል ስብርባሪ ነው። የቀረው የመኪናዋ አካል ግን ዓይን በሚያጥበረብር ነጭ ብርሃን መንደድ ጀመረ። ለማጥፋት የደረሱት ሰዎች ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ውሃ ረጩበት። እሳቱ ባሰበት። ለሰዓታትም ነደደ።

የመኪናዋ አካል ኤሌክትሮን ከሚባል ቅይጥ የተሠራ ነበር። ቅይጡ አብዛኛው ማግኒዚየም ነው። ቀላል ስለሆነ ለውድድር መኪና ተመራጭ ነበር። ዛሬ ይኸው ብረት በተራ መኪና መሪና ዳሽቦርድ ውስጥ፣ በአንዳንድ ላፕቶፕና ካሜራ አካል ውስጥ አለ። በእኛም አገር መንገዱ በአዳዲስ መኪኖች እየተሞላ ነው። ስለ መኪና እሳት የሚወራውም እንደዚያው በዝቷል፤ ከሚወራው ውስጥ ደግሞ ትክክል ያልሆነው ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ከቀላልነቱ እንጀምር። ማግኒዚየም ለግንባታና ለማሽን ከሚያገለግሉ ብረታ ብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ሊትር የሚሞላ ማግኒዚየም 1.74 ኪሎ ይመዝናል። አሉሚኒየም ቢሆን 2.7 ኪሎ፣ ተራው ብረት ቢሆን ደግሞ 7.9 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የመኪና ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ

ንጹሕ የማግኒዚየም ቁራጭ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብትጥሉ ምንም የሆነ አይመስልም። አይፈነዳም፣ አይጮህም። ሶዲየም ውሃ ላይ ሲንጫጫ ያየ ሰው ቅር ይለዋል። ትንሽ ቆይታችሁ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ጎኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ አረፋዎች ተለጥፈዋል። አንዳንዱ ይላቀቅና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ሃይድሮጂን ነው።

የሆነው ይህ ነው። ማግኒዚየሙ የውሃውን ኦክስጅንና ከሃይድሮጂኑ ግማሹን ይዞ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። የቀረው ሃይድሮጂን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሃይድሮክሳይዱ ነጭ ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። በአንድ ሊትር ውሃ የሚሟሟው 10 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል፤ ውሃውንም እንዳይጠጋ ይከለክለዋል። የጀመረው ሥራ እዚያው ይቀዘቅዛል። በትምህርት ቤት ላብራቶሪ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን ቀለም የሚለውጥ ጠቋሚ ጠብ አድርጎ የሞከረ ሰው በቁራጩ ዙሪያ ውሃው ሮዝ ሲሆን አይቶ ይሆናል። ቀለሙ የሚነግረን ያ ትንሽ የተሟሟ ሃይድሮክሳይድ መኖሩን ነው።

እንግዲህ ማግኒዚየምን ጨዋ የሚያስመስለው ይህ ሽፋን ነው። ሽፋኑን የሚነካ ነገር ሲመጣ ጸባዩ ይለወጣል።

ሙቀት አንዱ ነው። ውሃው ሲፈላ አረፋው በግልጽ ይበዛል። ጨው ሌላው ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን እየቦረቦረ አዲስ ብረት ለውሃው ያጋልጣል። ማግኒዚየም ከሌላ ብረት ጋር ተነካክቶ ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይባስ ብሎ ቶሎ ይበላል።

ይህን ጸባይ ሆን ብለው ሥራ ላይ ያዋሉት አሉ። በሻወር ቤት የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ብዙውን ጊዜ ሆዱ ውስጥ የማግኒዚየም ዘንግ አለው። ዘንጉ የተቀመጠው እንዲበላ ነው። ከታንከሩ ብረት ይልቅ እሱ ቶሎ ኤሌክትሮን (ቅይጡን ሳይሆን የአቶሙን ቅንጣት ማለቴ ነው) ስለሚሰጥ ዝገቱ ታንከሩን ትቶ እሱን ይበላል። ዘንጉ ሲያልቅ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ተራው የታንከሩ ነው። ቦይለር ገዝቶ ለዓመታት ከፍቶ የማያይ ሰው ብዙ ነው፤ ታንከሩ ድንገት ሲያፈስ ግን ጥፋቱ የፋብሪካው ይመስለዋል።

ሌላው የአሜሪካ ወታደሮች የሚይዙት ምግብ ማሞቂያ ነው። ትንሽ ከረጢት ውስጥ የማግኒዚየም ዱቄት፣ ጥቂት የብረት ዱቄትና ጨው አለ። ጥቂት ውሃ ሲጨመርበት ይንተከተካል። የአንድ ሰው ምግብ በ12 ደቂቃ ገደማ ይሞቃል፤ ክብሪት የለ፣ ነበልባል የለ። እዚህ ላይ ጨውና የብረት ዱቄቱ የሚሠሩት ሥራ ከላይ ያልነውን ነው፤ ሽፋኑ እንዳይረጋጋ ያደርጋሉ። ከከረጢቱ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ በተዘጋ ቦታ እሳት አጠገብ እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቃሉ። አንድ ግራም ማግኒዚየም ሙሉ በሙሉ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ አንድ ሊትር ገደማ ሃይድሮጂን ይሰጣል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ሲነድ

ወፍራም የማግኒዚየም ቁራጭ በክብሪት አይያዝም። ሙቀቱ ወደ መቅለጫው፣ ወደ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠጋት አለበት። ግንድ በክብሪት ተይዞ አያውቅም፤ ጭራሮ ግን ወዲያው ይያዛል። ማግኒዚየምም እንደዚያው ነው። ስስ ሪባን፣ የቶርኖ ፍቅፋቂና ዱቄት በትንሽ ነበልባል ይቀጣጠላሉ። ዱቄቱ አየር ላይ ከተበተነ ሊፈነዳም ይችላል። የእሳቱ ሙቀት ወደ 3,100 ዲግሪ ይደርሳል። ብርሃኑም እጅግ ነጭና ብርቱ ስለሆነ በባዶ ዓይን ማየት ጉዳት አለው። ድሮ ፎቶ አንሺዎች ለፍላሽ ይጠቀሙበት የነበረው ለዚህ ብርሃኑ ነው።

ውሃ እሳትን የሚያጠፋው በሁለት መንገድ ነው። ያቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም አየሩን ይገፋል። እንጨትና ጨርቅ ሲነዱ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ምክንያቱም እንጨት ከውሃ ውስጥ ኦክስጅን መንጠቅ አይችልም። ማግኒዚየም ይችላል። ለኦክስጅን ያለው ስስት ከሃይድሮጂን በጣም ይበልጣል። በዚያ ሙቀት ላይ ያገኘውን እንፋሎት ኦክስጅኑን ነጥቆ ነጭ አመድ፣ ማለትም ማግኒዚየም ኦክሳይድ ይሆናል። ሃይድሮጂኑን ይለቀዋል። ሃይድሮጂኑም እዚያው አየር ላይ ይነዳል ወይም ይፈነዳል። እሳት ለማጥፋት የመጣው ሰው ሳያውቀው ነዳጅ አቀበለ ማለት ነው።

ቅድም ያቺን ቁጥር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። አሥር ኪሎ ማግኒዚየም በዚህ መንገድ ሙሉ በሙሉ ቢዋሃድ አሥር ሺህ ሊትር ገደማ ሃይድሮጂን ይወጣዋል። በዚህ ላይ ውሃው ራሱ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ያድጋል። የቀለጠ ብረት ላይ የወደቀ ውሃ በቅጽበት ሲሰፋ ብረቱን እየበተነ ይረጨዋል። የተረጨው ጠብታ ሁሉ እየነደደ ነው የሚበረው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2016 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በምትገኘው ሜይዉድ የብረታ ብረት መጋዘን ሲቃጠል የታየው ይኸው ነው። ውስጡ ማግኒዚየም ነበረበት። ውሃው ሲያገኘው ፍንዳታ ተከተለ። የአካባቢው ነዋሪም ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ። ከለ ማን 61 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። እሳቱ ጋ ሲደርሱ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው ሰው ከሌለ ከውሃ ሌላ ምን ይይዛሉ?

የቢሮው ማጥፊያስ?

«ውሃ ካልሆነ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማጥፊያ እጠቀማለሁ» የሚል ይኖራል። በየኮሪደሩ የተሰቀለው፣ ለኤሌክትሪክ እሳት የሚመከረው ማለት ነው። እዚህ ግን አይሠራም። ማግኒዚየም ከካርቦንም ላይ ኦክስጅን ይነጥቃል። የኬሚስትሪ መምህራን የሚያሳዩት አንድ ሙከራ አለ። ከደረቅ በረዶ፣ ማለትም ከጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጡብ የሚያህል ይወሰድና ጉድጓድ ይወጣለታል። የሚነድ ማግኒዚየም ውስጡ ተደርጎ በሌላ የደረቅ በረዶ ጡብ ይከደናል። መጥፋት የነበረበት እሳት ጡቡን ከውስጥ እንደ ፋኖስ ያበራዋል። ሲከፈት ነጭ አመድ ይታያል፤ አመዱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ጥቁሩ ከጋዙ የተነጠቀ ካርቦን ነው።

አሸዋም ቢሆን የሚታመን አይደለም። አሸዋ ሲሊካ ነው፤ ሲሊካ ውስጥ ኦክስጅን አለ። የነደደ ማግኒዚየም ይህንንም ይወስዳል። ፍጹም ደረቅ የሆነ አሸዋ ትንሽ እሳት ለመሸፈን የሚመከርበት ጊዜ አለ። ግን ደጅ የተከመረ፣ ዝናብ የመታው አሸዋ ውሃ ይዟል፤ ውሃ እንደ መርጨት ነው። የቀለጠ ማግኒዚየም ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲፈስም ሲሚንቶው በውስጡ ያለው እርጥበት በድንገት እንፋሎት ሆኖ ወለሉን እየፈነቀለ ይወጣል። አየሩን ብቻ ኦክስጅን ብታሳጡትም እንኳ ከናይትሮጂን ጋር ይዋሃዳል። አረፋ የሚረጨውም ማጥፊያ በውሃ የተሞላ ነው።

ታዲያ ምን ይሠራል? ክላስ ዲ የሚባለው ለብረታ ብረት እሳት የተዘጋጀ ደረቅ ዱቄት ነው። አንዱ ዓይነት መሠረቱ ጨው ነው፤ ያው የምንበላው ሶዲየም ክሎራይድ። ሙቀቱ ሲያገኘው ቅርፊት ሠርቶ ብረቱን ከአየር ይለያል። የግራፋይት ዱቄትም ያገለግላል። ዱቄቱ በኃይል አይረጭም፤ በኃይል ከተረጨ የሚነደውን ፍቅፋቂ ይበትነዋል። ዙሪያውን ጀምሮ በቀስታ በአካፋ ይለበሳል። ከዚያ ይጠበቃል። ከላይ የጠፋ ቢመስልም ከሥር ሊነድ ስለሚችል ቶሎ መነካካት የለበትም።

ከአመዱ በኋላ

አንድ ግራ መጋባት እግረ መንገዴን ላጥራ። ፋርማሲ የሚሸጠው የማግኒዚየም እንክብል ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። እሱ ብረቱ አይደለም። ኦክሳይድ፣ ሲትሬት ወይም ሌላ ውሕድ ነው። ኤሌክትሮኑን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ ከውሃ ጋር የሚጣላበት ነገር የለውም። ኦክሳይዱ እንዲያውም የእሳቱ አመድ ራሱ ነው። ቅድም ቁራጩን ሸፍኖ ያየነው ነጩ ሃይድሮክሳይድም ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ለጨጓራ ቃጠሎና ለሆድ ድርቀት ይሰጣል። ጨጓራ ውስጥ ከሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ጋር ሲገናኝ ማግኒዚየም ክሎራይድና ውሃ ይሆናል፤ አሲዱ ይበርዳል።

ይህ ማለት ግን እንክብሉ ከምንም ጋር አይነካካም ማለት አይደለም። ማግኒዚየም እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችን አንጀት ውስጥ አንቆ ይይዛቸዋል። ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ይቀንሳል፤ ኢንፌክሽኑም ላይድን ይችላል። የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲንም እንዲሁ ነው። በሰዓታት ለያይቶ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ስንት ሰዓት የሚለውን ፋርማሲስቱ ይናገራል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ማግኒዚየሙን በሽንት ማስወገድ ስለሚያቅተው ሐኪም ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ለእንቅልፍና ለጡንቻ መሸማቀቅ እያሉ ለእናትና አባት የሚልኩት እንክብል ብዙ ነው። ከመድኃኒታቸው ጋር ይስማማ እንደሆነ መጠየቁ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከውሃ ጋር የማይጣላው ማግኒዚየም ውሃን በጣም ይወዳል። ክሎራይዱ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ራሱን ያሟሟል። በደንብ ያልተጣራ ጨው በክረምት ጆንያው ውስጥ የሚረጥበው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ዳሎል አካባቢ የዚህ ጨው ክምችት ከፍተኛ ነው። እዚያ ያሉት ቢጫና ጥቁር የሚባሉት ኩሬዎች በማግኒዚየም ጨው የተሞሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር እንዳላገኘ ዘግቧል። ውሃው አለ፤ ግን ጨው ይዞታል፤ ሕዋስ የሚጠቀምበት አልቀረም። እኔን ከማግኒዚየም ጸባይ ሁሉ በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው።

መንገዱና ጋራዡ

አሁን ወደ መኪናው። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ካሳወቀች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በፍጥነት በዝቷል። አብሮ የበዛ ወሬ አለ፤ «ኤሌክትሪክ መኪና ሲቃጠል ውሃ አታስጠጉ፣ ባትሪው ከውሃ ጋር ይፈነዳል» የሚል። ይህ ሁለት ነገሮችን ያደባለቀ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም በዋነኛነት ንጹሕ ብረት ሳይሆን ውሕድ ነው። የባትሪው ችግር ከተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ከሕዋሶቹ፣ አንዱ ሲግል ሌላውን ማጋሉ ነው። ስለዚህ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች የሚፈልጉት ማቀዝቀዣ ነው፤ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ውሃ ይጠቀማሉ። ጠፋ ከተባለ በኋላም ተመልሶ ሊነሳ ስለሚችል ይጠብቁታል። የባትሪው ጭስ መርዛማ ነው፤ ኤሌክትሪኩም ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ተራው ሰው ራቅ ይበል እንጂ ውሃው ራሱ ጥፋት አይደለም።

ማግኒዚየሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የመሪው አጽም፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ተሸካሚ፣ የአንዳንድ መኪና የወንበር አጽምና የካምቢዮ ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ ይሠራሉ። ኤሌክትሪክም ይሁን ቤንዚን ለውጥ የለውም። መኪና ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ውሃ ሲያገኘው ድንገት ነጭ ብልጭታና ፍንጣሪ ከታየ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ስለሚጠብቁ ከርቀትና በመከላከያ ልብስ ነው የሚረጩት። በጀሪካን ውሃ ይዞ ቀርቦ የሚደፋ መንገደኛ ግን ፊቱን ይዞ ነው የሚጋፈጠው።

ከአዲሶቹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አሮጌው ነው። የድሮዋ ቮልስ የሞተር ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ሲያዩት አሉሚኒየም ይመስላል። ሲያነሱት ግን ከመጠኑ ይቀላል። እንዲህ ያለ አካል በጋራዥ ጥግ ይጣላል፣ በቁራሌው ይሸጣል፣ ከአሉሚኒየም ድስት ጋር አንድ ላይ ሊቀልጥ ይሄዳል። የሚያቀልጠው ሰው ምን እንደያዘ ካላወቀ ችግሩ እሱ ላይ ነው የሚመጣው። ቶርኖ ላይ ወይም ግራይንደር ላይ ሲሠራም ፍቅፋቂው ይከመራል፤ አጠገቡ ብየዳ አለ።

መለያው ቀላል ነው። ብረቱን አንድ ቦታ ላይ በሞረድ ፋቅ አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አሲድ ሽፋን እንዲያርፍ አይፈቅድም። ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል። አሉሚኒየም ከሆነ ዝም ይላል። ሎሚም ያንኑ ይሠራል።

ማግኒዚየም መሆኑ ከታወቀ ፍቅፋቂው በየቀኑ ይጠረግ። ደረቁ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ፣ ከብየዳ ርቆ፣ ከሌላ ብረት ፍቅፋቂ ተለይቶ ይቀመጥ። የረጠበ ከሆነ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አደጋ አለው፤ ጋዝ የሚወጣበት ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውጭ ይቀመጥ። ሲቆረጥ መሣሪያው ስል ይሁን፤ ዱልዱም መሣሪያ ያግላል። ማቀዝቀዣውም ውሃ የተቀላቀለበት ባይሆን ይመረጣል። ክላስ ዲ ማጥፊያ መግዛት ያልቻለ ጋራዥ ቢያንስ አንድ ባልዲ ፍጹም ደረቅ ጨው ከነክዳኑ፣ ከነአካፋው ቢያስቀምጥ ለጥቂት ፍቅፋቂ እሳት ይደርስለታል።

እሳቱ ከዚያ ካለፈ መሸሽና መደወል ነው። በአዲስ አበባ ቁጥሩ 939 ነው። ስትደውሉ አድራሻውን ብቻ ሰጥታችሁ ስልኩን አትዝጉ። የሚነደው ማግኒዚየም መሆኑን፣ ስንት ኪሎ ገደማ እንደሆነና አጠገቡ ምን እንዳለ ንገሯቸው። ሲደርሱም በር ላይ ቆማችሁ ድገሙላቸው።